ለአንዲት ጦስኝና ለአንዲት እንጉዳይ ስም ለማውጣት ስሮጥ የባከኑብኝ ዓመታት

ደሴ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ይሄን ለመጻፍ የተነሳሁት ባለፈው ሰሞን አንድ የድሮ ተማሪዬ ከአምባሰል በኩል የአበባ ፎቶ ልኮልኝ "ቲቸር ይሄ እኮ አዲስ ዝርያ ነው፣ ስምም አውጥቼለታለሁ" ሲለኝ የራሴ የ2010 ዓ.ም. ድምፅ ጆሮዬ ላይ ስለመጣብኝ ነው። ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ ቢያንስ አራት ዓመት አተርፍ ነበር። ለሱ በስልክ ያልኩትን ለሌሎቻችሁም ልበል። ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ፣ ከሩቅም ቢሆን ጀባ ብያለሁ።

በ2010 ማስተርሴን እየሰራሁ ነበር። ለጥናቱ ደጋ ደጋውን ስዞር አንድ ቀን ከሰዓት ብርዱ እጅ በሚያደነዝዝበት ቁልቁለት ላይ ጦስኝ አየሁ። ወሎ ውስጥ ጦስኝ የማያውቅ የለም፣ ሻይ ውስጥ ይገባል፣ ለጉንፋን ይጠጣል፣ ገበያ ላይ በእፍኝ ይሸጣል። እኔ ከልጅነቴ የማውቀው ጦስኝ ግን የቅጠሉ ጠርዝ ልሙጥ ነው፣ ይቺኛዋ ጠርዟ እንደ ማጭድ ጥርስ ጥቃቅን ሆኖ የተቆራረጠ ነበር። ደጋግሜ አየሁት፣ ሌላም ቁጥቋጦ ፈልጌ አየሁ፣ ሁሉም እንደዛው። በቃ አዲስ ነው አልኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዛ በኋላ ያደረግኩትን ሁሉ እናንተ እንዳታደርጉት ነው የምነግራችሁ። መጀመሪያ ጎግል ላይ "የኢትዮጵያ ጦስኝ" ብዬ ፎቶ አየሁ፣ የሚመስላት አጣሁ። ሁለት ጓደኞቼን ጠየቅኩ፣ አላየንም አሉ። በዚች ማስረጃ ብቻ ተነስቼ ከእናቴ ሀገር ስም የላቲን ስም አበጀሁላት፣ ስሙን ቴሲሴ ውስጥ አስገባሁ፣ ፌስቡክ ላይም ከነፎቶው ለጠፍኩት። እንኳን ደስ አለሽ ጎረፈ፣ ቤተሰቦቼ ለጎረቤት ሁሉ አወሩ። አማካሪዬም ጥሩ ነው ከማለት ውጪ የጠየቀኝ ነገር አልነበረም።

ጥር 2011 አዲስ አበባ ለሌላ ጉዳይ ሄጄ አራት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ገባሁ። በ1959 እ.ኤ.አ. የተመሰረተ ነው፣ የደረቁ ተክሎች በወረቀት ላይ ተለጥፈው በየቤተሰባቸው ካቢኔ ውስጥ የተደረደሩበት ቤት ነው፣ እስከዛ ቀን ድረስ ገብቼበት አላውቅም ነበር። እዛ ለሚሰሩ አንድ አዛውንት ናሙናዬን አወጣሁና "ጋሼ፣ አዲስ የጦስኝ ዝርያ አግኝቼ ነው" አልኳቸው። አልሳቁብኝም፣ አልተቆጡኝም። በሌንስ አዩት፣ ከመደርደሪያ የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ የሚባለውን የተክሎቻችን መዝገብ መጽሐፍ አምስተኛ ቅጽ አወረዱ፣ ገልጠው ፊቴ አስቀመጡት፣ ከዛ ሄደው አንድ ፎልደር ይዘው መጡ። ፎልደሩ ውስጥ የኔዋ ጦስኝ ነበረች፣ ከነጥርሷ። ስሟ ታይመስ ሰሩላተስ። ሰሩላተስ ማለት ጥቃቅን የመጋዝ ጥርስ ያለው ማለት ነው። እኔ አዲስ ያልኩበት ነገር ስሟ ሆኖ ተጽፏል። "ልጄ፣ ይቺ ስም ካገኘች ከ170 ዓመት በላይ ሆኗታል" አሉኝ። ቤንታም የሚባል እንግሊዛዊ ነው በ1848 እ.ኤ.አ. ያሳተማት።

ለካ ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለት የጦስኝ ዝርያ ነው ያለው፣ አንዱ ታይመስ ሺምፐሪ ሰፊ ቦታ ላይ የሚገኘውና እኔም የማውቀው፣ ሌላው ይሄ ሰሩላተስ ወደ ሰሜኑ ያለው። ሺምፐሪ የተባለበት ሺምፐር ደግሞ ጀርመናዊ ተክል ሰብሳቢ ነበር፣ በ1837 እ.ኤ.አ. መጥቶ በ1878 እስኪሞት አብዛኛውን እድሜውን ትግራይ ውስጥ የኖረ። እሱ የሰበሰባቸው ናሙናዎች አውሮፓ ውስጥ በየሄርባሪየሙ ተበትነው ስንቱ የሰሜን ተክላችን እዛ ጠረጴዛ ላይ ስም ወጣለት። ይሄን ሳላውቅ ነው እንግዲህ ለተክል ስም ላወጣ የተነሳሁት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው። አንድ ነገር ስታዩ "ይሄ አዲስ ነው ወይ" ብላችሁ አትጀምሩ፣ "ይሄን ከኔ በፊት ማን አይቶት ይሆን" ብላችሁ ጀምሩ። ፍሎራው ስምንት ቅጽ ነው፣ ከ1989 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ወደ 6000 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉበት። ተክሉን ቁጭ ብላችሁ በቁልፉ፣ ማለትም "ቅጠሉ እንዲህ ከሆነ ወደ 2፣ እንዲያ ከሆነ ወደ 5 ሂድ" በሚለው፣ እስከ መጨረሻው አውርዱት። ቁልፉ የትም ካላደረሳችሁ እንኳን ገና ነው፣ ከፍሎራው በኋላ የታተመ ካለ አይፒኤንአይ የሚባለው የተክል ስሞች ዝርዝር ላይ ፈልጉ፣ ጥንታዊ መጽሐፎቹን ባዮዳይቨርሲቲ ሄሪቴጅ ላይብረሪ ላይ በነፃ ማንበብ ይቻላል፣ የብዙ ታይፕ ናሙናዎች፣ ማለትም ስም ሲወጣ መነሻ የሆኑት ናሙናዎች፣ ፎቶም ኢንተርኔት ላይ አለ። ጎረቤት ሀገርንም አትርሱ፣ እዚህ ያልተመዘገበ ነገር ኬንያ ወይ የመን ስም ሊኖረው ይችላል። እንደዛ ከሆነ ለኢትዮጵያ አዲስ መዝገብ ነው፣ እሱም ትልቅ ነገር ነው፣ ይታተማል፣ ግን ለሳይንስ አዲስ ዝርያ አይባልም። ሁለቱን የሚያቀላቅል ሰው ብዙ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ እዛው የተማርኩት አለ፣ እንባ እየተናነቀኝ "ስሙን ቴሲሴ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ፌስቡክም ላይ" ስላቸው አዛውንቱ ያረጋጉኝ በሕጉ ነበር። የተክል፣ የፈንገስና የአልጌ ስም አወጣጥ ዓለም አቀፍ ሕግ አለው፣ በየስድስት ዓመቱ ገደማ በሚደረገው የቦታኒ ጉባኤ ይታረማል። በሕጉ መሠረት ስም ስም የሚሆነው በትክክል ሲታተም ብቻ ነው። ከ1953 እ.ኤ.አ. ወዲህ የቀረበ ቴሲስ ራሱ ላይ ለዚህ ዓላማ የታተመ መሆኑ በግልጽ ካልተጻፈበት በቀር አይቆጠርም፣ ፌስቡክ ደግሞ ጭራሽ አይቆጠርም። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ ብቻ የሚወጣ ጽሑፍ ተፈቅዷል፣ ግን ፒዲኤፍ መሆን አለበት፣ የጆርናል ወይ የመጽሐፍ መለያ ቁጥርም ይኑረው ነው የሚለው። ስለዚህ የኔ ስም በሕግ ፊት አልተወለደም ነበር፣ ተክሏም ተጨማሪ ስም አልተጫነባትም። ለኔ ግን ተመልሶ ለስንት ሰው ማስረዳት ነበረብኝ። ፖስቱን አጠፋሁና በምትኩ ትክክለኛውን ስም ከነታሪኩ ጻፍኩ፣ ያን ያነበበ አንድም ሰው አልሰደበኝም።

ስወጣ አዛውንቱ "አንድ ቅጂ ለኛ ተይልን፣ የታወቀም ተክል ቢሆን ከዚህ ቦታ በዚህ ዓመት መገኘቱ መረጃ ነው" አሉኝ። ሁለት ቅርንጫፍ ትቼ ወጣሁ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከዛ ለአንድ ዓመት ያህል ከዚህ ነገር ራቅኩ። የመለሰኝ እንጉዳይ ነው።

በ2012 ክረምት ኮምቦልቻ በላይ ወዳለው የጎፍ ደን ከተማሪዎች ጋር ወጣን። ከደኑ ዳር የሚኖሩ አንዲት እናት እንጨት ለቅመው ሲመለሱ አገኘናቸውና እንጉዳይ ስንፈልግ አይተው "ምነው የጅብ ጥላ ፈልጋችሁ ነው?" አሉን። እኚህ እናት የሚያውቁትን ነገር ለመናገር አንድ ሙሉ ጽሑፍ ይበቃኛል ብዬ አላስብም። የትኛው ከኩይሳ ላይ እንደሚወጣ፣ የትኛውን ከብት እንደማይነካው፣ የትኛው ዝናብ ከጀመረ በስንተኛው ሳምንት እንደሚታይ ያውቃሉ። ከሁሉ አንዷን ትንሽ፣ ግራጫ፣ እግሯ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ እንጉዳይ እያሳዩኝ "ይቺ የሐበሻ ጥድ ስር ብቻ ነው የምትወጣው፣ የረገፈው ቅጠል የበሰበሰበት ላይ። ባህር ዛፍ ስር አታገኚያትም፣ የፈረንጅ ጥድ ስርም የለችም" አሉኝ።

ይሄ አባባል ለምን እንዳስደነገጠኝ ልንገራችሁ። የጎፍ ውስጥ ሀገር በቀል ዛፍም የተተከለ የውጪ ዛፍም አለ። ከሜክሲኮ የመጣው ፓቱላ የሚባለው ዛፍ ስር፣ ከአውስትራሊያ የመጣው ባህር ዛፍ ስር ከሚወጡት እንጉዳዮች ብዙዎቹ ከዛፉ ስር ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ፣ ከዛፉ ጋር አብረው የመጡ ናቸው። ሰው እዛ ያገኘውን አዲስ ነው ብሎ ሲለፋ ሌላ አህጉር ላይ ድሮ ስም ያለው ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ እንጉዳይ ስታዩ ቀና ብላችሁ ዛፉን እዩ፣ የዛፉን ስም ሳትጽፉ እንጉዳዩን አትንኩ። የሐበሻ ጥድ ስር ብቻ የምትገኝ ከሆነች ግን ወሬው ሌላ ነው። በዓለም ላይ ወደ 2.5 ሚሊዮን የፈንገስ ዝርያ እንዳለ ይገመታል፣ ስም ያለው ወደ 155,000 ብቻ ነው። ለተክሎቻችን ፍሎራ አለን፣ ለእንጉዳዮቻችን ግን እንደዛ ያለ ሙሉ መጽሐፍ የለንም።

እና እኔ ምን አደረግኩ፣ ስድስት ፍሬ ነቅዬ ፌስታል ውስጥ ከተትኩ። ኮምቦልቻ ወርደን በታክሲ ደሴ እስክንደርስ፣ እራት ምናምን ብዬ ፌስታሉን እስክከፍት ማታ አራት ሰዓት ሆነ። ግማሹ ውሃ ሆኗል፣ ግማሹን ትል ወርሶታል። የተረፉትን ሁለቱን ቶሎ ላድርቅ ብዬ የሞቀ ምጣድ ላይ አደረግኳቸው፣ ጠቆሩ። ፎቶዬም ሁሉ ከላይ የተነሳ፣ ባርኔጣዋ ብቻ የሚታይበት ነበር። በሳምንቱ ስመለስ የለችም። እንጉዳይ እንደ ተክል ቆሞ አይጠብቃችሁም፣ ቀጠሮው ክረምት ነው፣ አንድ ማታ ያበላሻችሁት ዓመት ያስከፍላችኋል።

ያን ዓመት በሙሉ ተማርኩ። በ2013 ሐምሌ ስወጣ የያዝኩት እቃ ሌላ ነበር፣ ሁሉም እዚሁ ደሴ የሚገኝ ነው፦ ቢላ፣ የወረቀት ከረጢት፣ ማስመሪያ፣ እርሳስ (እስክሪብቶ ዝናብ ያጠፋዋል)፣ ነጭና ጥቁር ወረቀት፣ ብርጭቆ። እንጉዳይ አይነቀልም፣ ከስሩ ካለው አፈር ጋር በቢላ ይነሳል፣ ምክንያቱም እግሩ አፈር ውስጥ የገባበት ቦታ ላይ ያለው ቅርጽ ቤተሰቡን ሊለይ ይችላል። ሳይነሳ በቆመበት፣ ከዛ ተገልብጦ፣ ከዛ ለሁለት ተሰንጥቆ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ይነሳል። ስትቆርጡት ቀለሙ ይቀየር እንደሆነ፣ ሽታው፣ ሲነኩት የሚያሟልጭ ወይም ደረቅ እንደሆነ እዛው ጻፉ፣ እነዚህ ሁሉ ሲደርቅ ይጠፋሉ። መቅመስ ግን አይሞከርም፣ ማንም ምንም ቢላችሁ። ማታ አንዱን ባርኔጣ ቆርጣችሁ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ በብርጭቆ ክደኑት፣ ጠዋት ስፖሩ፣ ማለትም የሚራባበት ዱቄት፣ ወርዶ ቀለሙን ታያላችሁ። ለማድረቅ እኔ ካርቶን ውስጥ ከታች አምፖል አንጠልጥዬ ከላይ ወንፊት ዘረጋሁ፣ ወደ 40 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል፣ ከዛ በላይ ሲሆን ለዲኤንኤም ለማይክሮስኮፕም አይሆንም። መብራት ሲጠፋ ሌሊት ተነስቼ በእጄ አራገብኩ። ቅንጣት ሥጋዋን ደግሞ ለዲኤንኤ ብቻ ብዬ ለብቻ ሲሊካ ጄል ውስጥ አደረግኩ፣ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገባዋ ፓኬት ማለት ናት።

በሦስት ቀን 14 ፍሬ በደንብ አደረቅኩ። በተዋስኩት ማይክሮስኮፕ 30 ስፖር ለካሁ። ሁሉንም በጥንቃቄ ጠቅልዬ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ በአንድ ካርቶን አድርጌ አልጋዬ ስር አስቀመጥኩ። ከእንጉዳዩ ጋር የሦስት ዓመት የተክል ናሙናዎቼም እዛው ነበሩ፣ በጋዜጣ መሀል ተጭነው።

ጥቅምት 2014 ከደሴ ወጣን። ያን ጊዜ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያልኖራችሁ ደግሞ በዚህ ጽሑፍ ላስረዳችሁ አልችልም። ልብስ በፌስታል ይዘን ነው የወጣነው፣ ካርቶኑ ትዝም አላለኝ። ታኅሣሥ ላይ ተመልሰን በሩን ስንከፍት ጋዜጣው ሁሉ ለእሳት ማያያዣ ሆኗል፣ የእንጉዳዮቹ ከረጢቶች ወለሉ ላይ ተረጋግጠው ዱቄት ሆነዋል። የሰው ሕይወት በጠፋበት ለደረቀ ቅጠል አላለቅስም ብዬ ነበር፣ ግን አለቀስኩ።

ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፣ አራት ኪሎ የተውኳት ጦስኝ አለች። ከሰበሰብኩት ሁሉ የተረፈችው እሷ ብቻ ነች፣ ያቺ አዲስ ያልሆነችው። አዛውንቱ ቅጂ ተይ ባይሉኝ እሷም አትኖርም ነበር። በኋላ ሳነብ እንዳወቅኩት በጦርነት እንዲህ የሆነው የኔ ካርቶን ብቻ አይደለም፣ በርሊን የነበረው ትልቁ ሄርባሪየም በመጋቢት 1943 እ.ኤ.አ. በቦምብ ተቃጥሎ ከኢትዮጵያ የሄዱ ስንት ታይፕ ናሙናዎችም አብረው ነደዋል። ቅጂያቸው ሌላ ከተማ የነበረው ናቸው ዛሬም የሚታዩት። እባካችሁ፣ ከአንድ ስብስብ ሁለት ሦስት ቦታ አካፍሉ፣ በሰበሰባችሁበት ወር፣ "ጥናቱን ስጨርስ" አትበሉ። ቤት ውስጥ ያለ ናሙና ገና አልተቀመጠም ማለት ነው።

በ2014 ክረምት የጎፍ ስመለስ ሁለተኛ ድንጋጤ ጠበቀኝ። የማውቃቸው ጥዶች ተቆርጠዋል፣ መሬቱ ፀሐይ እየመታው ነጭ ሆኗል። እንጉዳይዋን ያሳዩኝ እናታችን ቤት ሄጄ ቁጭ አልኩ። ቡና እየቆሉ "አብሽሪ ልጄ፣ ጥድ ያለው እዚህ ብቻ ነው እንዴ" አሉኝና በማግስቱ ይዘውኝ ሄዱ፣ ሩቅ አይደለም፣ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፣ አንድ የቆየ የቀብር ቦታ። እዛ ያለ ዛፍ አይቆረጥም፣ ያስነውራል። ሼኹን አስፈቀድን፣ እሳቸውም ዱዓ አድርገው አስገቡን። በትልልቆቹ ጥዶች ስር፣ ያ የበሰበሰው ቡናማ ቅጠል ላይ፣ ከሃያ በላይ ቆመው አየኋቸው። እናታችን ቀድመው አይተዋቸው ነበር፣ እኔ እስካያቸው ዝም ብለው ጠበቁኝ።

ያን ቀን የሰበሰብኩትን በሦስት ከፈልኩ፣ አንዱ አራት ኪሎ፣ አንዱ ሌላ ሄርባሪየም፣ አንዱ ለራሴ ሥራ። ሳምንት ሳይሞላ ሰጥቼ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ወረቀት ነው፣ ግን እዚህም ልሳሳት ነበር። ዲኤንኤውን ለማሠራት ውጪ ሀገር ያለ አንድ ተመራማሪ በኢሜይል አገኘሁ፣ "ትንሽ ቁራጭ በፖስታ ላኪልኝ" አለኝ፣ አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ ወደዛው ልትበር ነበር። ሻንጣዋ ውስጥ ላደርግ ደርሼ ነው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያስቆመኝ። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የሀገራችን የጄኔቲክ ሀብት ያለ ፈቃድ ከሀገር አይወጣም፣ ፈቃዱን የሚሰጠው የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው፣ አዋጁ የማኅበረሰቡን እውቀትና መብትም ይጨምራል። እኔ እንደ ቢሮክራሲ ነበር የማየው፣ አሁን ግን እንደዛ አላይም። ስለዚች እንጉዳይ መጀመሪያ የነገሩኝ እኮ እኚያ እናት ናቸው። ፈቃዱ ወራት ወሰደ፣ አስቀድማችሁ ጀምሩት፣ ጆርናሎችም ይጠይቁታል።

የዲኤንኤው ውጤት ሲመጣ ደግሞ ረጋ በሉ። ለፈንገስ በ2012 እ.ኤ.አ. ዝርያ መለያ ባርኮድ ሆኖ የተመረጠው የዲኤንኤ ክፍል አይቲኤስ ይባላል፣ ጂንባንክ በሚባለው የኢንተርኔት የዲኤንኤ መዝገብ ላይ ካሉት ጋር ያወዳድሩታል። የኔዋ ቅርብ ከተባለችው ጋር 94 በመቶ ነበር የተመሳሰለችው፣ ጮቤ ልረግጥ ነበር። ግን ጂንባንክ ላይ የተለጠፉ ስሞች ራሳቸው ስህተት የሆኑ ሞልተዋል፣ ሌላው ደግሞ ድሮ ስም ወጥቶላቸው ዲኤንኤያቸው ግን ተሠርቶ የማያውቅ ብዙ እንጉዳዮች አሉ፣ የናንተዋ ከነዛ አንዷ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ የምሥራቅ አፍሪካን የድሮ ገለጻዎች አንድ በአንድ አንብቤ፣ ስፖሯን፣ ጊሏን (ከባርኔጣዋ ስር ያሉትን ስስ ንጣፎች)፣ የሴሎቿን ቅርጽ አወዳድሬ ነው አዲስ ናት ለማለት የደፈርኩት። ይሄ ብቻውን አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። ከሥራው ሁሉ የወደድኩትም ይሄን ነው፣ ለሊቱን ሙሉ በ1800ዎቹ የተጻፈ ገለጻ እያነበብኩ የኔዋን አጠገቤ አስቀምጬ።

ጽሑፉ ምን ማሟላት እንዳለበት ባጭሩ ልበል። ድሮ በላቲን መግለጽ ግዴታ ነበር፣ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ በእንግሊዝኛም ይሆናል፣ በአማርኛ ግን ገና አይቻልም። ከቅርብ ዘመዶቿ በምን እንደምትለይ በግልጽ ይጻፋል። አንድ ናሙና ሆሎታይፕ፣ ማለትም ስሙ የሚታሰርበት ዋና ናሙና፣ ተብሎ ይመረጣል፣ የት ሄርባሪየም እንደተቀመጠ ይጠቀሳል፣ ይሄ ከሌለ ስሙ ተቀባይነት የለውም፣ ምንም ያህል ፎቶ ቢኖራችሁ። ለፈንገስ ደግሞ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደ ማይኮባንክ ወይም ኢንዴክስ ፈንጎረም ካሉ መዝገቦች የመለያ ቁጥር መውሰድና ጽሑፉ ላይ ማስፈር ግድ ነው። ምዝገባው በነፃ ነው፣ ቁጥሩን የምትወስዱት ከመታተሙ በፊት ነው። ሰው ይሄን ረስቶ የለፋበት ስም ከንቱ ይቀራል።

ጆርናል ስትመርጡም ተጠንቀቁ። "በአምስት ቀን እናትምልዎታለን" የሚል ኢሜይል መጥቶልኝ ነበር፣ የሚጠይቁት በዶላር ነው፣ ደክሞኝ ስለነበር ልከፍል አስቤ ነበር። ያስቆመኝ አንድ ሐሳብ ነው፦ ሕጉ የሚጠይቀውን ካሟላ ስሙ ማንም ሳይገመግመው ቢወጣም ይቆጠራል፣ ቅድሚያም ያገኛል። ማለት ስህተቴም አብሮ ይኖራል፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ልጅ እሱን ሲያርም ይውላል። የጦስኟ ነገር አንዴ ይበቃኛል አልኩና ተውኩት።

ስሙስ? ለስም ስትነሱ በወንድ ሰው ስም ስትጠሩና በሴት ሰው ስም ስትጠሩ መጨረሻው ይለያል፣ በቦታ ስትጠሩ ብዙ ጊዜ "ኤንሲስ" ይጨመርበታል፣ ከጂነሱ፣ ማለትም ከመጀመሪያው የወገን ስም፣ ጾታ ጋር መስማማት አለበት፣ ላቲን የሚያውቅ ሰው ይይላችሁ። በራሳችሁ ስም መጥራት ሕጉ ባይከለክልም ነውር ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ኮሶ ሳይንሳዊ ስሙ ሀጌኒያ ነው፣ ሀገን የኮኒግስበርግ ኬሚስት ነበር። ክፉ ሰው ነበር አላልኩም፣ ግን ኮሶ ለስንት ዘመን ስም ነበረው። በሌላ በኩል ጤፍ እዩት፣ ኤራግሮስቲስ ጤፍ ተብሎ በራሱ ስም ዓለም ላይ ይጠራል፣ እንሰትም እንደዛው። ቤት የምናጨሰው ቀበሪቾ ደግሞ ኢኪኖፕስ ቀበሪቾ ነው፣ ያወጡለት የኛው ሰው መስፍን ታደሰ ናቸው። ሕጉ ይፈቅዳል፣ ስሙ ከየትኛውም ቋንቋ ሊመጣ ይችላል።

እኔ በእናታችን ስም ልጠራት ፈልጌ ላስፈቅድ ሄድኩ። ሲኒያቸውን አስቀምጠው ብዙ ጊዜ አሰቡበት። "እኔስ አላህ ያወቀኝ ይበቃኛል፣ ያን ቀብር ቦታ የጠበቁት ናቸው መጠራት ያለባቸው" አሉኝ። እንዳሉት አድርጌያለሁ። ስሙን እዚህ የማልጽፍላችሁ ግን ገና ስላልታተመ ነው፣ ሁለተኛ ከመወለዷ በፊት ስሟን አላወራም።

ጽሑፉ ከገምጋሚዎች ተመልሷል። አንደኛው ገና ስትበቅል፣ ባርኔጣዋ ሳይከፈት ያለውን ደረጃ ፎቶና ናሙና ጨምሪ ብሎኛል፣ ልክ ነው፣ ያ የለኝም። ለተማሪዬም አበባዋን ፎቶ ብቻ ሳይሆን ከነፍሬዋ በጋዜጣ ተጭና፣ ሦስት ቅጂ አድርጎ፣ ከባሕር ወለል ከፍታውንና ቀኑን ጽፎ እንዲያመጣ ነግሬዋለሁ፣ ፍሎራውን አብረን እንከፍታለን። ትናንት ማታ እናታችን ደወሉልኝ። ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሟል፣ ቅጠሉ ረጥቧል፣ ሐምሌን አትጠብቂ ቶሎ ነይ ብለውኛል። ቅዳሜ እወጣለሁ።